ጨጓራ የመሰለኝ ጭንቀት፦ ቴራፒ እንዴት ይጀመራል?

ከመገናኛ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበናል። ሀያ ሁለት ልንደርስ ስንል ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። እጄን አላበኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ «በቃ ሞትኩ» አልኩ በሆዴ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩና አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀኝ።

ከዚያ በፊት ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ስወስድ ነበር። ሆዴን ባር ባር የሚለኝ ከጭንቀት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። በኋላ ቴራፒ፣ ማለትም በንግግርና በልምምድ የሚሰጥ ሕክምና፣ ጀመርኩ። ያኔ ማወቅ የነበረብኝን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ውጥረት ነው ወይስ ጭንቀት?

«ጨነቀኝ» ስንል ሁለቱን እንቀላቅላለን። ውጥረት ምክንያቱ ይታወቃል። የቤት ኪራይ ደርሷል፣ ፈተና አለ፣ አለቃ ያጣድፋል። ጉዳዩ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይረግባል። ጭንቀት ግን ኪራዩ ከተከፈለም በኋላ አይለቅም። «ቤተሰቦቼ ቢታመሙስ? ከሥራ ቢያባርሩኝስ?» እያለ ሌሊቱን ያነጋል። እንዲህ ያለው ከአቅም በላይ የሆነ ሐሳብ ብዙውን ቀን እየተመላለሰ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ባለሙያዎች አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ሊሉት ይችላሉ። እርዳታ ለመጠየቅ ግን 6 ወር መቁጠር አያስፈልግም። እንቅልፋችሁን ወይም ሥራችሁን ከነካ ይበቃል።

እኔን ታክሲ ውስጥ የያዘኝ ደግሞ የፓኒክ (ድንገተኛ የፍርሃት) ጥቃት ይባላል። አንጎል አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ያስለቅቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ጅብ ቢያባርራችሁ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ሚኒባስ ውስጥ ግን የሚሮጥበት ቦታ የለም። ጥቃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካና ይበርዳል።

2. አንድ ሳምንት ጻፉ

ደብተር ወይም ስልክ ይበቃል። የእኔ አንድ መስመር ይህን ይመስል ነበር፦

«ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ታክሲ ሰልፍ። ሐሳብ፦ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ። ሰውነት፦ ልብ ምት፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ያደረግሁት፦ ሰልፉን ትቼ በእግሬ ሄድኩ።»

እንቅልፍ፣ ቡናና ጫትም ይጻፍ። ካፌይን ልብ ያስመታል፣ ጭንቀትንም ያባብሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳልምር ጠጥቼ «ልቤ ምን ሆነ?» ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

3. ሰውነታችሁን አስመርምሩ

ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) እና የደም ማነስ ጭንቀትን ሊመስሉ ይችላሉ። በደም ምርመራ ይለያሉ። ደረት ላይ የሚጫን አዲስ ሕመም ካለ ግን «ጭንቀት ይሆናል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሐኪሙን ስታገኙ ደግሞ ሐሳባችሁንም ንገሩት። እኔ ስለ ሆዴ ብቻ ነው ያወራሁት። እሱም አልጠየቀኝም።

4. ማን ጋ ልሂድ?

ሳይካትሪስት የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፣ በንግግርና በልምምድ ያክማል። አንዳንድ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል።

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን የማያውቅ የለም። ችግሩ ስሙ ስድብ ሆኗል። እዚያ ግን በተመላላሽ ታክመው ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ብዙ ሰዎች አሉ። ጳውሎስና የካ ኮተቤ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የግል ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ። «ትምህርትዎ ምንድን ነው? ጭንቀት ላይ ሠርተዋል? አንዱ ቀጠሮ ስንት ነው?» ማለት ነውር አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። ለልጁም ይከብደዋል፣ እናንተም ግማሹን ትደብቃላችሁ።

ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ። ከቴራፒ ጋር አይጣላም። የታዘዘ መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አሜሪካ ውስጥ 988 ይደወላል።

5. የመጀመሪያው ቀጠሮ

ብዙ ጊዜ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ። የምትናገሩት ምስጢር ነው፤ ራሳችሁ ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ ከሆነ ግን ባለሙያው ዝም ሊል አይችልም። ከየት እስከ የት እንደሚጠበቅ መጀመሪያውኑ ጠይቁ።

እኛ ሽማግሌ ፊት ቀርበን ምክር መቀበል ለምደናል። እኔም «እንግዲህ ይምከሩኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ባለሙያዋ ደብተሬን አየችና ጠየቀችኝ።

«ስንት ጊዜ እንዲህ ሆነዋል?»

«ሃያ ጊዜ ይሆናል።»

«ከሃያው ስንቴ ወደቁ?»

አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም። ይህን ራሴን ጠይቄው አለማወቄ እስካሁን ይገርመኛል።

6. ሥራው ያለው ቤት ነው

ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው ዘዴ ለጭንቀት በደንብ ከተፈተኑት አንዱ ነው። ሐሳብን ትመረምራላችሁ፣ የሸሻችሁትን ነገር ቀስ በቀስ ትጋፈጣላችሁ። እኔ ታክሲ ስሸሽ ለጊዜው ይቀለኝ ነበር። ያ መቅለል ነው ፍርሃቱን ሲቀልበው የኖረው።

አብረን መሰላል ሠራን። ፍርሃቴን ከ10 እየሰጠሁ፦ ሰልፉ ላይ መቆም 3፤ በር አጠገብ ተቀምጦ ለም ሆቴል ድረስ 5፤ ሀያ ሁለት ድረስ 7፤ የኋላ ወንበር፣ ሜክሲኮ ድረስ 9። ደንቡ አንድ ነው፦ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ እያለ አይወረድም፤ እስኪቀንስ ይጠበቃል። አንዱ ደረጃ እስኪሰለች ይደጋገማል፣ ከዚያ ቀጣዩ።

መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በ3 ቀን «አልሠራልኝም» አትበሉ። ከባለሙያው ጋር ካልተግባባችሁም ከ3 ወይም 4 ቀጠሮ በኋላ ፊት ለፊት ንገሩት። ካልተስተካከለ ሌላ ፈልጉ፤ አይቀየማችሁም።

ሜክሲኮ ድረስ የሄድኩት ስምንተኛው ሳምንት ላይ ነው። ባምቢስ ጋ ልቤ መምታት ጀምሮ ነበር። ስታዲየምን ስናልፍ ግን ከረዳቱ ጋር ስለ መልስ እየተጨቃጨቅኩ ነበር።