ማፑ ሲገለበጥ ቡሬ የት ገባች?

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ ዕቃ አመላላሽ ትንሽ ፕሮግራም «ጎ» (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እየጻፍኩ ነበር። ማፕ ስል ካርታ አይደለም፤ በአንድ መፈለጊያ (ኪይ) ተጣማሪው (ቫልዩ) የሚገኝበት የጥንዶች ዝርዝር ነው። የእኔ ቀላል ነው፤ ኪዩ ከተማ፣ ቫልዩ ዞን። ደብረ ማርቆስ፣ ደጀንና ቢቸና ምሥራቅ ጎጃም፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ምዕራብ ጎጃም፤ እንጅባራ አዊ። ባለቤቱ «ዞኑን ስነካው ከተሞቹ ይምጡልኝ» አለኝ። ምን ችግር አለው ብዬ ጥንዶቹን አንድ በአንድ በሚዞር የሦስት መስመር ሉፕ ገለበጥኩት፤ ዞኑ ኪይ፣ ከተማው ቫልዩ ሆነ። 6 ከተማ ገብቶ 3 ወጣ።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ቫልዩ እንደሚደገም መርሳት። ኪይ አይደገምም። ቡሬ ፍኖተ ሰላም ላይ ስትጻፍ ፍኖተ ሰላም ድራሿ ይጠፋል። ጎ ደግሞ ማፕን ሁሌ በአንድ ተራ አይዞርም። አንዴ ቡሬ ትተርፋለች፣ ፕሮግራሙን እንደገና ስታስነሱት ፍኖተ ሰላም። እኔ ግማሽ ቀን ሙሉ ከዳታው ጋር ስጣላ ዋልኩ። የአዲሱን ማፕ ቫልዩ የስትሪንግ (የጽሑፍ) ስላይስ፣ ማለትም ዝርዝር፣ አድርጉትና ከተሞቹን በአፔንድ ከኋላው እየቀጠላችሁ ጨምሩ። አንድ ለአንድ መሆን ያለበት ነገር ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የመኪና ታርጋና ሹፌር፣ ኪዩ ቀድሞ መኖሩን እዩ፤ ካለ ኤረር መልሱ። ዝም ብሎ መደረብ የለም።

ሁለተኛው፣ ታርጋውንም ሹፌሩንም ስትሪንግ ብሎ መተው። የተገለበጠውና ያልተገለበጠው ማፕ ያኔ ዓይነታቸው አንድ ነው። ብታቀያይሯቸው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ፈትሾ ለማሽኑ የሚተረጉመው) ትንፍሽ አይልም፤ የሌለ ኪይ ስትጠይቁም ባዶ ስትሪንግ ይሰጣችኋል። ለእያንዳንዱ የራሱን ታይፕ (ዓይነት) አውጡለት።

ከጎ ስሪት 1.18 ወዲህ በጄኔሪክ፣ ማለትም ለብዙ ታይፕ በሚሠራ ኮድ፣ አንድ የመገልበጫ ፈንክሽን መጻፍ ይቻላል። የቫልዩውን ታይፕ «ኤኒ» (ማንኛውም) ካላችሁት ግን አይሄድም፤ ነገ ኪይ ስለሚሆን «ኮምፓረብል» (እኩል መሆኑ ሊነጻጸር የሚችል) መሆን አለበት። ስላይስ ኪይ አይሆንም።

የመጨረሻው የእኛው የፊደል ጣጣ ነው። በኋላ የቢሮዋ ልጅ ዝርዝሩን በኤክሴል ሞልታ ላከችልኝ። አንዱ ጋ «ምሥራቅ»፣ ሌላው ጋ «ምስራቅ» ብላለች። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሥ እና ስ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቫልዩ ሳለ ማንም ልብ አላለውም፤ ስክሪን ላይ ይነበባል፣ አለቀ። ኪይ ሲሆን ግን ለሁለት ተሰነጠቀ። ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ፣ ፀ እና ጸ ከነዘራቸው ወደ አንድ ይምጡ፤ ትርፍ ክፍተቱም ይቆረጥ። ይህ ሁሉ ከመገልበጡ በፊት ነው። እኔ ሳላደርገው 4 ዞን መጣልኝ፤ አራተኛው ውስጥ ቢቸና ብቻዋን ቁጭ ብላለች።