ሐረር ስትሄዱ ቀኑን አስቡበት

ሐረርን ለማየት ካሰባችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ካላንደር እዩ። ብዙ ሰው ጅብ ሲመገብ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ያሳዝናል።

እኔ ብሆን ለሸዋል ኢድ ነው የምሄደው። ከኢድ አልፈጥር በኋላ የሸዋል ወር ስድስቱ ቀናት ጾም ሲፈታ ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል። ቀኑ በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ ይቀያየራል፤ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሌላው ምርጫ ታኅሣሥ 19 ነው። ቁልቢ ገብርኤልን ተሳልማችሁ ወደ ሐረር ትዘልቃላችሁ። ያን ሰሞን ግን ከድሬዳዋ ጀምሮ መንገዱ በምዕመን ስለሚጨናነቅ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ውስጥ፣ በእግር ተንቀሳቀሱ። 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን መካን (መዘከሪያ ቦታ) በዚያች ጠባብ ግንብ ውስጥ አሉ፤ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ደግሞ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ፣ ለሁሉም ይሆናችኋል። ካልሲም አትርሱ፤ ጫማ ማውለቁ ይበዛል። የአርብ ቀትር የጸሎት ሰዓት ስለሆነ መስጊድ ለመጎብኘት አይመችም። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ደግሞ የአካባቢው አስጎብኚ ያዙ፤ አብዛኛው መካን ምልክት ስለሌለው ብቻችሁን በደጁ ታልፋላችሁ።