«ቴምኖ»ን ስንተረጉም የምንሠራቸው ስህተቶች

የጥንት ግሪክኛ ስትጀምሩ «ቴምኖ» የሚለው ግስ ቶሎ ይገጥማችኋል። መዝገበ ቃላቱ «ቆረጠ» ይላል። ልክ ነው። ግን እዚያው ላይ ከቆማችሁ ብዙ ነገር ያመልጣችኋል።

የመጀመሪያው ስህተት በየቦታው «ቆረጠ» እያሉ መሄድ ነው። እኛ እኮ ቲኬት እንቆርጣለን፣ ተስፋም እንቆርጣለን፤ ቢላዋ ግን የለም። ግሪኮቹም እንደዚያው ናቸው። መርከብ ባሕር «ይቆርጣል»፣ ሰው መንገድ «ይቆርጣል»። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ ጦር «ምድሪቱን ቆረጠ» ሲል ሰብሉንና ዛፉን አወደመ ማለቱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ስፓርታውያን የአቴናን ግዛት አቲካን የወረሩት እህሉ በደረሰበት ወቅት ነበር። ለገበሬው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ምሳሌያዊ ነው ብሎ የቢላዋውን ስለት ጨርሶ መርሳት። «መሐላ መቁረጥ» ውል ማሰር ነው፤ ትርጉሙ ትክክል ነው። ነገር ግን ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከውን የሆሜርን ግጥም፣ ኢሊያድን፣ ምዕራፍ 3 ላይ ክፈቱ። የግሪኮቹ ንጉሥ አጋሜምኖን ቢላዋውን ይመዛል፤ ለመሐላው ከቀረቡት በጎች ራስ ላይ ፀጉር ቆርጦ ለሁለቱም ወገን አለቆች ያስከፋፍላል፤ ከጸለየ በኋላ ያርዳቸዋል። ወይን ይፈሳል። መሐላውን ያፈረሰ ሰው አንጎሉ እንደዚህ ወይን ይፍሰስ ይባላል። እዚህ ቦታ ላይ መቁረጡ በእውን አለ፤ እኔ ብተረጉመው ባጭር ማስታወሻ አነሳው ነበር።

«አቶም» የመጣውም ከዚሁ ግስ ነው፤ «የማይቆረጥ» ማለት ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥52 የተጠቀመበት ግን ለቅጽበት ነው። ከዚያ ጥቅስ ፊዚክስ አታውጡ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥15 ላይ የሚሠራው ነው። ግሪክኛው «ኦርቶቶሜኦ» ይላል፤ «ኦርቶስ» ቀጥ ያለ፣ ቀሪው ከ«ቴምኖ»። ይህን ይዘው «ቃሉን በየክፍሉ ቆራርጡ» ብለው የሚያስተምሩ አሉ። ቃሉ በአዲስ ኪዳን የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም (በጥንቱ የብሉይ ኪዳን የግሪክኛ ትርጉም) ግን በምሳሌ 3፥6 አለ፤ እዚያ የሚቀናው መንገድ ነው። «ጎዳናህን ያቀናልሃል» የምንለው ጥቅስ። አሁን ደግሞ የጢሞቴዎስን አማርኛ ተመልከቱ፦ «የእውነትን ቃል በቅንነት የሚናገር»። «ያቀናልሃል» እና «በቅንነት» ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው፦ ቀና።