ግጥምም ፖለቲካም ኑሮም ለሚወድ ተማሪ፦ ከአንድ የሐዋሳ ጠዋት ጽሑፍ እንዴት ይወጣል?

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ መምህር ደብተሬን አገላብጦ «አንዱን ምረጥ» አለኝ። በአንዱ ገጽ ግጥም ነበር፣ በሌላው ስለ ሕዝበ ውሳኔ ክርክር፣ ቀጥሎ የሽንኩርት ዋጋ። ለእኔ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳልጽፍ ቆየሁ፤ የትኛውን እንደምተው ማወቅ አቃተኝ። አሁን እንደዚያ ግራ ለገባው ተማሪ የምነግረው ይሄን ነው፦ የትኛውንም አትተዉ። ሦስቱ የሚገናኙበትን አንድ ነገር ፈልጉ።

መጀመሪያ አንድ ደብተር ያዙ

ኪስ የሚገባ ይሁን። ለግጥም፣ ለፖለቲካ፣ ለዕለት ውሎ እያላችሁ አትለያዩት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ከላይ ጻፉ። በስልክ መጻፍም ይቻላል፤ ግን ሰው ፊቱ ስልክ ሲወጣ የሚቀረጽ ይመስለዋል፣ ወሬውም ይቀየራል።

አንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ

እኔ አሞራ ገደልን፣ የሐዋሳ ሐይቅ ዳሩን የዓሣ ገበያ፣ እመርጣለሁ። በጠዋት ሂዱ፣ ጀልባዎቹ ሲመለሱ። የመጀመሪያ ቀን የጻፍኩት «ሐይቁ እጅግ ውብ ነው» የሚል ነበር። ምንም አይጠቅምም። ሐዋሳን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዓይናችሁን ወደ እጅ አውርዱ። ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ የሚበልት ልጅ አለ እንበል። ቢላዋውን ከጭንቅላቱ ሥር ያስገባል፣ አጥንቱን ይዞ እስከ ጅራቱ ይስባል፣ ገልብጦ ሌላውን ጎን ያወጣል። አጥንቱን ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውራል። እዚያ አባ ኮዳዎቹ፣ ትልልቆቹ ወፎች፣ ቆመው ይጠብቃሉ።

የሰውን ንግግር እንደተባለው ጻፉ፤ አታስውቡት። እኔ ከአንዲት ገዢና ዓሣ ከሚበልተው ልጅ የያዝኩት ይሄ ነው፦

«ትናንትና በዚሁ ብር ሦስት ሰጥተኸኝ የለ እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«እትዬ፣ ትናንትና ሐይቁ ሰጥቶን ነበራ!»

የሲዳምኛ ቃል ከሰማችሁም እንደሰማችሁት አስቀምጡት። ቡርሳሜን «የእንሰት ምግብ» ብላችሁ ብትጽፉት ቅቤው ይጠፋል።

ከአንዱ መስመር ጥያቄ አውጡ

ቤት ስትገቡ አንድ መስመር አስምሩበት። እኔ «ሐይቁ ሰጥቶን ነበራ» ላይ አሰመርኩ። ዛሬ ለምን አልሰጠም? የመረብ ቀዳዳ ሲጠብ ገና ያልወለደ ዓሣ ይያዛል፤ ያልወለደ ሲያዝ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት የሚተርፍ ያንሳል። ታዲያ መረቡን የሚቆጣጠረው ማነው? ፖለቲካው እዚህ ጋ ገባ፣ እኛ ሳንጠራው።

እዚህ ላይ አስተያየት ከመጻፋችሁ በፊት ሕጉን ራሱን አንብቡ። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ሐይቁ ሲዳማንም ኦሮሚያንም ይነካል፤ ስለዚህ ጥያቄው የአንድ ክልል ብቻ አይደለም። ሲዳማ ራሱ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው፣ ኅዳር 10 ቀን ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ። ያኔ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 47 ግን ያነበብኩት በኋላ ነው። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የክልልነት ጥያቄውን እንደሚያጸድቅ፣ ብሔረሰቡ ያለበት ክልል ጥያቄው በደረሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚያደራጅ በግልጽ ተጽፏል። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ቀድሜ ባነበው ኖሮ ግማሹን ክርክር አልከራከርም ነበር።

ጆሯችሁን አሠልጥኑ

በየቀኑ ከምትወዱት ልብ ወለድ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በሳምንት አንድ አንቀጽ በእጃችሁ ገልብጡ። ስትገለብጡ ደራሲው የት ዓረፍተ ነገሩን እንዳሳጠረ፣ የት ዝም እንዳለ ይገባችኋል። ሰምና ወርቅም ቅኔ ቤት ብቻ አይገኝም። ዓሣ የሚበልተው ልጅ መልስ ሁለቱም አለው።

አሁን ጻፉ

500 ቃል ይበቃል። ከምልልሱ ጀምሩ። ሕጉን መሀል ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስገቡት፤ ከዚያ ካለፈ አንባቢው ስብሰባ የገባ ይመስለዋል። «መንግሥት ሊያስብበት ይገባል» የሚል መዝጊያ ከመጣባችሁ ሰርዙት።

ጨርሳችሁ ቡና ሲፈላ ለጎረቤት አንብቡላቸው። የት ላይ ስልካቸውን እንዳነሱ ልብ በሉ፤ ያ አንቀጽ ይወጣል። የሰው ስም ደግሞ ሳታስፈቅዱ አትጻፉ፣ በተለይ ፖለቲካ ካወራ። እናንተ ማርክ ወይም ጭብጨባ ታገኛላችሁ፤ እሱ ግን ነገም እዚያው ነው የሚሠራው።

በመጨረሻ ጽሑፉን ይዛችሁ ወደነበራችሁበት ተመለሱ። ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። በሳምንቱ አሞራ ገደል ሄጄ ለልጁ አነበብኩለት። ቢላዋውን እያጠበ ሰማኝና «ሦስት አይደለም፣ አራት ነው የሰጠኋቸው» አለ። «አንዷ በጣም ትንሽ ስለነበረች አልቆጠሯትም።»

እዚያው ቆሜ ትንሿን ዓሣ ጨመርኳት።