የኤአይ ኮድ ረዳቱን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስቀምጡት

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ ሆናችሁ በሞባይል ዳታ ኮድ የምትጽፉ፦ የኤአይ ረዳቱን ዋናው ላፕቶፓችሁ ላይ አትልቀቁት፤ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ ማለትም ላፕቶፓችሁ ውስጥ ተነጥሎ በሚሠራ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀምጡት። ትእዛዝ ራሱ ስለሚያስኬድ ፋይል ሊያጠፋ፣ የይለፍ ቃል ያለበትን ፋይልም ሊያነብ ይችላል።

ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር (የሊኑክስ ዓይነት) ጫኑ፤ 4 ጊጋባይት ራም፣ 2 ሲፒዩ፣ 30 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃዋል። ሞዴሉ የሚሠራው በአቅራቢው ሰርቨር ላይ ከሆነ ጂፒዩ አያስፈልግም። ማሽኑ አልነሳም ካለ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን እዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሼርድ ፎልደር (ላፕቶፑና ማሽኑ የሚጋሩት ፎልደር) ላይ ነው። ስናፕሾት (የማሽኑን ሁኔታ አስቀምጦ በኋላ ወደዚያው የሚመልስ ቅጂ) የሚመልሰው ማሽኑን ብቻ ነው፤ ሼርድ ፎልደሩ ያለው ላፕቶፓችሁ ላይ ስለሆነ እዚያ የጠፋ ፋይል አይመለስም። ኤንፒኤምም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መጫኛ) እዚያ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) መፍጠር እያቃተው መሃል ላይ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ኮዱን በጊት ክሎን አድርጋችሁ (ቅጂውን አውርዳችሁ) ማሽኑ ውስጥ አስገቡት፤ ለማሽኑ የምትሰጡት የጊት መግቢያ ቁልፍም ለዚያ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ብቻ የሚሠራ ይሁን። ስናፕሾቱን ረዳቱን ከጫናችሁ በኋላ፣ በአካውንታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ውሰዱ። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት።

መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሳያልቅ ማሽኑን «ሴቭ ስቴት» በሉት (ያለበትን ሁኔታ አስቀምጦ ይዘጋል)፤ በድንገት ከጠፋ ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል። መልሳችሁ ስትከፍቱት የሰርተፊኬት ስህተት ካሳየ የማሽኑ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል፤ ረዳቱን እንደገና ከመጫን በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። የኡቡንቱን አውቶማቲክ አፕዴትም አጥፉና በሳምንት አንዴ በእጃችሁ አድርጉት፤ አለዚያ የሞባይል ዳታ ፓኬጃችሁን ሳታውቁት ይበላዋል።