የዲሽ ካርዴ ምልክት ዜሮ ሆኖ ያስቸገረኝ ነገር

ኮምፒውተሬ ላይ የገጠምኩት ዲቪቢ-ኤስ2 ካርድ (የሳተላይት ቴሌቪዥን መቀበያ) ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ቻናል አልያዘም። ዲሹ የሚያየው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን ሳተላይት ኤንኤስኤስ-12ን ነው፤ ኢትዮሳት ያለበትን። የኮምፒውተሬ ሲስተም ሊኑክስ ካርዱን ያውቀዋል፣ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር (ድራይቨሩ) ም ተጭኗል፣ ምልክቱ ግን ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ያንኑ ገመድ ነቅዬ ሳሎን ያለው ሪሲቨር ላይ ስሰካው ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይመጣል። ድራይቨር መቀያየሬን እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ኤልኤንቢ፣ ማለትም ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ምልክት ተቀባይ፣ የራሱ የመብራት ገመድ የለውም። ኃይል የሚያገኘው በዚያው በዲሹ ገመድ ነው፦ ቨርቲካል (ቁም) ለሆኑ ምልክቶች 13 ቮልት፣ ሆሪዞንታል (አግድም) ለሆኑት 18 ቮልት ገደማ። የቻናል ፍለጋው እየሄደ ሳለ የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ በካርዱ መሰኪያ መሐል ቀዳዳ፣ ጥቁሩን በውጭው ብረት ላይ አሳረፍኩ። 0.0 አለ። በሪሲቨሩ ላይ 18.3።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ካርዱን አውጥቼ አገላብጬ ሳየው ጠርዙ ላይ አራት እግር ያላት ነጭ ሶኬት አለች፤ ባዶዋን። ለኤልኤንቢ የሚሄደውን ኃይል ካርዱ የሚወስደው በእሷ በኩል ከፓወር ሰፕላዩ ነው። ለድሮ ሃርድ ዲስክ የሚሆነውን ትርፍ ገመድ ሰካሁባት። መልሼ ስለካው 18.1 አሳየኝ፣ ቻናሎቹም ተራ በተራ ገቡ።

አደራ፣ የዲሹን ገመድ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ አትንቀሉ፣ አትሰኩም። የገመዱ የውጭ የሽቦ ሽሩብ መሐሉን መዳብ ከነካ ሾርት አድርጎ ካርዱን ሊያቃጥለው ይችላል።