የክለሳ ድርሳናት ዓይነት እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ተማሪ አስቀድሞ “ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በተጻፈ ዕቅድ ፈልጎ የሚያጠቃልል ክለሳ) እሠራለሁ” ይልና ጥያቄውን በኋላ ይፈልግለታል። መንገዱ በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ጥያቄው ይጻፋል፣ ቀጥሎ የሙከራ ፍለጋ ይደረጋል፣ ከዚያ የሰውና የጊዜ አቅም ይታያል፤ የክለሳው ዓይነት የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ለማሳያ አንድ ርዕስ እንያዝ፦ በኢትዮጵያ የነፍሰ ጡር እናቶች የአይረን ፎሊክ አሲድ ኪኒን አወሳሰድ።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ከዚሁ ርዕስ ብዙ ጥያቄ ይወጣል። “ከነፍሰ ጡሮቹ ምን ያህሉ በአግባቡ ይወስዳሉ?” ካሉ መልሱ ቁጥር ነው። ይህ ሲስተማቲክ ሪቪው ይፈልጋል፤ የጥናቶቹ ቁጥሮች የሚደመሩ ሆነው ከተገኙ ሜታ አናሊሲስ፣ ማለትም ቁጥሮቹን በስታቲስቲክስ ማጣመር፣ ይጨመርበታል። “እስካሁን ምን ተጠና? የት? በምን ዘዴ? ክፍተቱስ?” የሚለው የስኮፒንግ ሪቪው ጥያቄ ነው። “ስለ ኪኒኑ አወሳሰድ የሚሰጡት ማብራሪያዎች የትኞቹ ናቸው፣ የእኔ ጥናት የቱ ላይ ይቆማል?” ከሆነ ጽሑፎቹን በትረካ የሚያቀናብረው ናራቲቭ ሪቪው ይበቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ሁለት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ትልቅ ስም ስለሌለው ብቻ ሊናቅ አይገባም።

2. የሙከራ ፍለጋ ያድርጉ

መጀመሪያ ፕሮስፔሮንና የጤና ሲስተማቲክ ሪቪዎች የሚገኙበትን የኮክሬን ላይብረሪን ይመልከቱ። ፕሮስፔሮ ከ2011 ጀምሮ የጤና ነክ ሲስተማቲክ ሪቪው ዕቅዶች የሚመዘገቡበት ቋት ነው። ያሰቡት ክለሳ በቅርቡ በደንብ ተሠርቶ ከሆነ ጥያቄውን ይቀይሩ። በርዕሱ ላይ በርካታ ሲስተማቲክ ሪቪዎች ካሉ ደግሞ እነሱኑ መልሶ የሚከልሰው አምብሬላ ሪቪው ይሻላል።

ቀጥሎ በፐብሜድ (የጤና ጽሑፎች መፈለጊያ) እና በጉግል ስኮላር ፈልገው አሥር ያህል ጽሑፎችን ይክፈቱ፤ አብስትራክቱን ሳይሆን የዘዴ ክፍሉን ያንብቡ። ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጥናት “በአግባቡ ወሰደች” የሚላት በሳምንት 4 ቀንና ከዚያ በላይ የዋጠችውን ሲሆን፣ ሌላው በእርግዝናዋ ዘመን 90 ኪኒንና ከዚያ በላይ የጨረሰችውን ነው። የሁለቱን መቶኛ ደምሮ አማካይ ማውጣት ትርጉም የለውም። ወይ በየመለኪያው ለይተው ያሰላሉ፣ ወይ ሜታ አናሊሲሱን ትተው ውጤቱን በቃላት ያቀናብራሉ። ይህን ሳያዩ የገቡ ሰዎች አይ ስኩዌር (የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርስ መለያየትን የሚያሳየው መለኪያ) ከ75 በመቶ በላይ ሲወጣባቸው ይደነግጣሉ፤ ችግሩ ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ አልነበረም።

የአገር ውስጥ ጥናት ሲፈለግ የራሱ ወጥመድ አለው። ሽፋኑ ላይ 2010 ዓ.ም. የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ በፈረንጆቹ 2017/18 ነው፤ “ከ2015 ወዲህ” ብለው ካጣሩ ሳያስቡት ይጥሉታል። ጎንደርና ጅማ በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ ስላላቸው ሁሉንም ያስገቡ። የአንድ ጸሐፊ ስም አንድ ቦታ በራሱ፣ ሌላ ቦታ በአባቱ ስለሚመዘገብ ተደጋጋሚ ጽሑፍ የሚለየው ሶፍትዌር ሊስተው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን የመመረቂያ ጽሑፉ በኋላ በጆርናል ሲታተም ነው፤ አንድ ጥናት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ቦታውን፣ የናሙናውን ብዛትና መረጃው የተሰበሰበበትን ወር ያመሳክሩ።

3. ሰውና ጊዜ ይቁጠሩ

በፕሮስፔሮ የተመዘገቡ ሲስተማቲክ ሪቪዎችን ያየ በ2017 የወጣ ጥናት፣ ከምዝገባ እስከ ኅትመት በአማካይ 67 ሳምንት እንደወሰዱ አሳይቷል። ጽሑፎቹን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያጣራሉ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይዳኛል። ብቻዎን ሆነው በአንድ ሴሚስተር ይህን እሠራለሁ ማለት አያዋጣም። አንዳንድ ደረጃዎችን የሚዘልለው ራፒድ ሪቪው ጊዜውን ያሳጥራል፤ ግን የትኛው ደረጃ እንደተዘለለ በግልጽ መጻፍ ግድ ነው።

ስኮፒንግ ሪቪውን እንደ ቀላል አማራጭ የሚያዩ አሉ፤ ፍለጋው ግን እንዲያውም ሊሰፋ ይችላል። የጥናቶቹን ጥራት መመዘን በአብዛኛው ግዴታው አይደለም። ስለዚህ ለምሳሌ “ለነፍሰ ጡሮቹ የሚሰጠው የምክር አገልግሎት ይሠራል” የሚል ድምዳሜ ከሱ አይወጣም።

4. ዕቅዱን ጽፈው ስሙን ይስጡት

ስለ ሕክምና ወይም ስለ አንድ እርምጃ ውጤት ለሚጠይቅ ሲስተማቲክ ሪቪው፦ ተጠኚዎቹ እነማን ናቸው፣ ምን ተደረገላቸው፣ ከምን ጋር ተነጻጸረ፣ ምን ውጤት ተለካ። ለስኮፒንግ፦ ተጠኚዎች፣ ጽንሰ ሐሳብና ዐውድ። ፕሮስፔሮ ስኮፒንግ ሪቪው ስለማይመዘግብ ለእሱ የጥናት ዕቅድ የሚመዘገብበትን ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ የተባለውን ድረ ገጽ ይጠቀሙ። በየቋቱ የፈለጉበትን ቀን፣ ያስገቡትን ቃል እንዳለ፣ የወጣውንም ብዛት ዕለቱን ይመዝግቡ፤ በክለሳ ዘገባ ውስጥ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የሚናገረው፣ 27 ነጥብ ያለው የ2020 የፕሪዝማ ዝርዝር ይህን ይጠይቃል፣ በኋላ በትዝታ አይሞላም።

የክለሳውን ዓይነት መቀየር ካስፈለገ ማጣራቱ ሳይጀመር ከአማካሪዎ ጋር ተነጋግረው ይቀይሩ፤ ቀኑንና ምክንያቱን ዕቅዱ ላይ ያስፍሩ።